በወለል ሞዛይክ ላይ ያለችው ሴት ማን ናት? እንስት አማልክትን ደረጃ በደረጃ የመለያ መመሪያ

ቅድስት ሀገርን ተሳልመው የተመለሱ፣ በዮርዳኖስ ወይም በቆጵሮስ የሚኖሩ፣ ለንግድ ወደ ቱርክና ወደ ቱኒዚያ የሚመላለሱ ሰዎች በስልካቸው ያነሡትን ፎቶግራፍ ያሳዩኝና ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «ወለሉ ላይ ያለችው ይህች ሴት ማን ናት?» ብዙ ጊዜ መልስ የማጣው ጥያቄው ከባድ ሆኖብኝ ሳይሆን፣ መልሱን የያዘው ነገር ከፎቶግራፉ ውጭ ስለሚቀር ነው። ፊቷ በጥሩ ሁኔታ ተነሥቷል፤ በእጇ የያዘችው ነገር ግን ተቆርጧል፤ ከራሷ ግራና ቀኝ የነበረው ጽሑፍም አልገባም። ስለዚህ በቦታው ቆመው ራስዎ ለመለየት፣ ካልሆነም ሌላ ሰው ሊለይበት የሚችል የተሟላ ማስረጃ ይዘው ለመመለስ የሚያስችልዎትን አሠራር ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

መመሪያው የሚያገለግለው ለግሪክና ለሮማ ዘመን ወለሎች፣ እንዲሁም የእነርሱን ልማድ ተከትለው እስከ 6ኛው ምዕተ ዓመት ለተሠሩት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። «ጠጠር» ስል ወለሉ የተሠራባቸውን ተቆርጠው የተደረደሩ ትናንሽ የድንጋይና የመስታወት ቁራጮች ማለቴ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። ብዕር አይመከርም፤ ቀለሙ ቢንጠባጠብ ድንጋዩ ይመጠዋል።
- ፎቶግራፍ ማንሻ ወይም ጥሩ ማጉያ ያለው ስልክ።
- ትንሽ ባይኖኩላር። አሁን በአብዛኞቹ ቦታዎች ጎብኚው የሚራመደው ከወለሉ ከፍ ብሎ በተሠራ የእንጨት መተላለፊያ ላይ ስለሆነ፣ በባዶ ዓይን የማይነበበው ጽሑፍ በባይኖኩላር ይነበባል።
- የግሪክኛ ትልልቅ ፊደላት ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ። በወለሉ ላይ ትንሹ ፊደል ስለማይገኝ ሠንጠረዡ ትልቁን ብቻ ቢይዝ ይሻላል።
- ለአንድ ወለል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት።

ከመጀመርዎ በፊት የሚጠነቀቁባቸው ነገሮች

ቀለሙ ደምቆ እንዲታይ በሚል ወለሉ ላይ ውኃ አይርጩ። ይህን ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ አንዳንድ ጊዜ የጥበቃ ሠራተኞች ራሳቸው ለጎብኚ ደስታ ሲሉ ያደርጉታል። እርጥብ ድንጋይ በእርግጥ ይደምቃል፤ ነገር ግን ውኃው በጠጠሮቹ መካከል ሰርጎ ከሥር ያለውን የኖራ ምርጊት ያላላዋል፤ ሲደርቅም ከሥር ያወጣው ጨው በላዩ ላይ እየጠነከረ የጠጠሩን ፊት ይልጠዋል። የደበዘዘውን ጽሑፍ በጠመኔ ማድመቅም ያው ጥፋት ነው።

በወለሉ ላይ አይርገጡ፤ የተፈታ ጠጠር ቢያዩ አያንሡ። አንድ ጠጠር ከቦታው ሲነሣ በዙሪያው ያሉት የሚደገፉበትን ያጣሉ። ከዚህ በተጨማሪ በቱርክና በሌሎችም አገሮች የጥንት ቅርስ ቁራጭ ይዞ መውጣት በወንጀል ያስቀጣል፤ በአውሮፕላን ማረፊያ የሚጠየቁትም እርስዎ ይሆናሉ።

ክልከላ ባይኖርም የካሜራውን ብልጭታ አይጠቀሙ። በተለይ የመስታወት ጠጠሮች ብርሃኑን መልሰው ስለሚያንጸባርቁ ማየት የሚፈልጉት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ የሚቆሙበትን አቅጣጫ ይምረጡ

የወለል ሥዕል እንደ ግድግዳ ሥዕል ለሁሉም ሰው በአንድ ወገን የቆመ አይደለም። ሠሪው ወይ ከበሩ ለሚገባው፣ ወይም በክፍሉ ውስጥ ጋደም ብለው ለሚመገቡት እንግዶች እንዲታይ አድርጎ ነው ያቀናው። በመመገቢያ ክፍሎች ውስጥ በሦስት ወገን ሥዕል የሌለበት፣ በቀላል የጂኦሜትሪ ጌጥ ብቻ የተሞላ ሰፊ መቃን (በጠርዝ የተከበበ የወለል ክፍል) ካዩ አልጋዎቹ የነበሩት እዚያ ላይ ነው። ሥዕሉን ማየት ያለብዎትም ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወገን ነው። ይህ የሚጠቅመው ከተገለበጠ አቅጣጫ ሲታይ ችቦው ቀንድ፣ መስተዋቱም ሳህን ስለሚመስል ነው። የሴቲቱ እግር ወደ እርስዎ፣ ራሷ ከእርስዎ ወዲያ እስኪሆን ድረስ ዞር ዞር ይበሉ።

ደረጃ 2፦ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ፎቶግራፍ ያንሡ

መጀመሪያ ክፍሉን በሙሉ፣ ቀጥሎ ሴቲቱ ያለችበትን መቃን ከነጠርዙ፣ ከዚያ በኋላ ራሷን፣ ሁለቱን እጆቿን፣ እግሯን፣ በመጨረሻም ጽሑፍ ያለበትን ቦታ ሁሉ ለየብቻ ያንሡ። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ የሚያስፈልገው የክፍሉ ሁኔታ ራሱ ስለሚናገር ነው። በመታጠቢያ ቤት ወይም በፏፏቴ ገንዳ ያለች ሴት ከባሕር ጋር የምትገናኝ የመሆኗ ዕድል ሰፊ ነው። በአራት ማዕዘን አራት ሴቶች ከተቀመጡ ደግሞ፣ በእጃቸው ምንም ይያዙ ምን፣ አራቱን ወቅቶች ማሰብ ይገባል። የአንዷን ፊት ብቻ አንሥቶ የመጣ ሰው ግን ይህን ሁሉ ትቶት መጥቷል።

ደረጃ 3፦ ጥንታዊውን ከጥገናው ይለዩ

ጠጠሮቹን ያስተውሉ። በተለመደው ሥራ የመደቡ ጠጠር አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ ፊትና እጅ የሚሠሩበት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ የጠጠሮቹም መስመር የጉንጭንና የክንድን ክብነት ተከትሎ ይሄዳል። ድንገት መስመሩ ተቋርጦ ትልልቅና አንድ ዓይነት ጠጠር ወይም ልሙጥ ምርጊት ከመጣ ያ ቦታ ኋላ የተሞላ ነው። በደብተርዎ ላይ የሴቲቱን ቅርጽ በጭረት ይሣሉና የተሞላውን ክፍል ያጥቁሩት። ቀኝ እጇ የጠፋ ከሆነ «ምንም አልያዘችም» ማለት አይቻልም፤ የያዘችው ነገር ጠፍቷል ማለት ነው።

በዮርዳኖስ አብያተ ክርስቲያናት ፍርስራሽ ውስጥ ሌላ ዓይነት ጉዳት ያጋጥምዎታል። በ8ኛው ምዕተ ዓመት የሰውና የእንስሳ ምስሎች ሆን ተብለው ተነቅለው ጠጠሮቹ እዚያው ተዘበራርቀው ተመልሰዋል። ፊት መሆን በሚገባው ቦታ የተደበላለቀ ጠጠር ካዩ ዕድሜ ያመጣው ጉዳት አይደለም፤ ከዙሪያው የተረፈውን ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የልብሱ ጫፍና ጽሑፉ ይተርፋሉ።

ደረጃ 4፦ ጽሑፉን ያንብቡ

ከሁሉም ደረጃዎች አስተማማኙ ይህ ነው፤ ስሟ ተጽፎ ከሆነ ቀሪው ሥራ ማረጋገጥ ብቻ ይሆናል። ከሮማ ግዛት በምሥራቁ ወገን፣ ማለትም ከግሪክ እስከ ሶርያና ዮርዳኖስ፣ ስሙ በግሪክኛ ይጻፋል፤ በሰሜን አፍሪካና በምዕራቡ ጽሑፍ ካለ በላቲን ነው።

የግሪክኛው ስም አብዛኛውን ጊዜ በሴቲቱ ራስ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ ይሆናል። አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ከሠንጠረዡ የሚለዩ ጥቂት ፊደላትም አሉ። ሲግማ በሠንጠረዡ ላይ በተሰበረ መስመር ሲሠራ፣ በእነዚህ ወለሎች ላይ ግን በብዛት የሚታየው ወደ ቀኝ የተከፈተ ግማሽ ጨረቃ መስሎ ነው። ኤፕሲሎንም ጀርባው ክብ ይሆናል። አልፋ፣ ዴልታና ላምዳ ሦስቱም ሦስት ማዕዘን ስለሚመስሉ ይምታታሉ፤ ከታች የተዘጋው ዴልታ፣ መሐሉ ላይ የተጣለ መስመር ያለው አልፋ፣ ክፍቱ ላምዳ ነው። የፊደሉን ተራ ለማስታወስ ደግሞ የግእዝ ቁጥሮቻችን ይረዳሉ፤ ከግሪክ ፊደላት የተወሰዱ ናቸውና ፩ አልፋ፣ ፪ ቤታ፣ ፫ ጋማ፣ ፬ ዴልታ፣ ፱ ቴታ፣ ፲ ዮታ እያሉ መቁጠር ይቻላል። ፱ ከቴታ ጋር ያለው መመሳሰል አሁንም ይታያል።

ቴታን አጥብቀው ይያዙ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስም በእርሱ ይለያልና። የግሪኩ ጀግና የአኪሌስ እናት የሆነችው የባሕር እንስት አምላክና የአምላኩ የውቅያኖስ ሚስት የሆነችው አሮጊቷ የባሕር እናት በዘመናዊ አጠራር ሁለቱም «ቴቲስ» ይባላሉ። የቀድሞዎቹ የግእዝ ተርጓሚዎች ግን ቴታን በ«ት»፣ ታውን በ«ጥ» ይለዩ ነበር፤ «ጢሞቴዎስ» የሚለው ስም ሁለቱንም ይዟል። በዚያ መንገድ የመጀመሪያዋን ቴጢስ፣ ሁለተኛዋን ጤቲስ እላለሁ፤ በሌሎቹ ስሞች የተለመደውን አጠራር ይዣለሁ። በወለሉ ላይ ስሙ በቴታ፣ ማለትም መሐሉ መስመር ባለበት ክብ ከጀመረ ቴጢስ ናት፤ አናቱ ላይ አግዳሚ በተጋደመበት ምሰሶ ጀምሮ ክቡ ሦስተኛ ፊደል ሆኖ ከመጣ ጤቲስ ናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተጻፈው ስም ሁሉ የሴቲቱ ስም አይደለም። በዛሬዋ ቱርክ ካለችው ከጥንቷ ዜውግማ ከተማ በተገኘው፣ ሴቶች በማዕድ ዙሪያ በተቀመጡበት ሞዛይክ ላይ የሚነበበው ዞሲሞስ የሚለው ስም የሠሪው ነው፤ የሳሞሳታ ከተማ ሰው መሆኑም አብሮ ተጽፏል። ከስሙ ቀጥሎ «ሠራው» የሚል ግሥ ካለ ፊርማ ነው።

ደረጃ 5፦ በራሷ ላይ፣ በእጇና በእግሯ ሥር ያለውን ይመዝግቡ

ጽሑፍ ከሌለ የምትታወቀው በያዘችው ዕቃ ነው። ፊት አይለይም፤ ሠሪዎቹ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሞላላ ፊትና ትልልቅ ዓይን ይሰጡ ነበርና። ያዩትን ሁሉ መጀመሪያ ይጻፉ፤ ስም መስጠቱን ያቆዩት። አስቀድሞ ስም የሰጠ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያየው ለስሙ የሚስማማውን ብቻ ነው።

ቀላሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የራስ ቁር፣ ጦርና ጋሻ ያላት፣ በደረቷም ላይ እባብ ጸጉር ያለው ራስ የተለጠፈባት አቴና ናት። የሮማን ከተማ የምትወክለው ሴትም የራስ ቁር ስለምታደርግ በደረት ላይ ያለውን ራስ ሳያዩ አይወስኑ። አጭር ልብስ የታጠቀች፣ ደጋንና የፍላጻ ኮረጆ የያዘች፣ ውሻ ወይም ዋላ ያጀባት አርጤምስ ናት፤ በሐዋርያት ሥራ የኤፌሶን ሰዎች «ታላቅ ናት» እያሉ የጮኹላት ያችው ናት። ክንፍ ያላት፣ የድል አክሊል ወይም የዘንባባ ዝንጣፊ የያዘች ኒኬ ናት። ሄራ በዘውድ፣ በበትረ መንግሥትና በጣዎስ ትታወቃለች፤ ጣዎሱ ከሌለ ግን ብቻዋን መለየቷ አስቸጋሪ ነው።

አፍሮዲቴ፣ በላቲን ቬነስ፣ ከሁሉም በብዛት የምትገኝ ስለሆነች ምልክቶቿን አንድ በአንድ ይወቁ፤ መስተዋት፣ ዛጎል፣ ፖም፣ ክንፍ ያላቸው ሕፃናት። ልብስ ባይኖራትም የአንገት ሐብልና አምባር አይለያትም፤ ይህን በተለይ በሰሜን አፍሪካ ወለሎች ላይ ያገኙታል። ሠሪው ጎበዝ ባይሆን እንኳ ምልክቶቹን አይረሳም። በእንግሊዝ ሩድስተን በ1933 የተገኘችው ቬነስ የሰውነቷ ቅርጽ የተዛባ፣ ሕፃን የሣላት የምትመስል ናት፤ ሆኖም ፖሙና መስተዋቱ ስላሉ ማንነቷ አላከራከረም።

የስንዴ ዛላ ሦስት ሴቶች የሚጋሩት ምልክት ነው። ከዛላው ጋር ችቦ ከያዘች የእህል እንስት አምላክ ዴሜጥር ናት፤ ፍራፍሬ በጨርቅ አቅፋ መሬት ላይ ጋደም ካለች፣ ሕፃናትም ከከበቧት ጌ፣ ማለትም ምድር ናት፤ ከአራት ማዕዘኖች በአንዱ ማጭድ ይዛ ከተቀመጠች ከወቅቶች አንዷ ናት። ወቅቶችን ሲለዩ የእኛን አዝመራ አይቁጠሩ። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ስንዴ የሚታጨደው በሞቃቱ ወራት መግቢያ እንጂ በኅዳርና በታኅሣሥ አይደለም። ስለዚህ አበባ የያዘችው ጸደይ፣ ስንዴና ማጭድ ያላት ሞቃቱ ወቅት፣ የወይን ዘለላ ያላት ቀጥሎ የሚመጣው የመኸር ወቅት፣ ራሷን ተከናንባ ቅጠሉ የረገፈ ቅርንጫፍ ወይም ሸምበቆ የያዘችው ብርዳማው ወቅት ነው። የመጨረሻዋን «ክረምት» ብሎ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም በሐምሌ ዝናብ ማሰብ ያሳስታል።

አሁን ወደ ባሕሩ ሴቶች እንምጣ፤ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የእነርሱ ናቸው። ጤቲስን የሚለያት ከግንባሯ በላይ ከጸጉሯ የሚወጡ ሁለት ትናንሽ ክንፎች ናቸው፤ ከትከሻዋ በላይ ብቻ ከውኃው ትታያለች፤ ዘንዶ የሚመስል የባሕር አውሬም አጠገቧ አለ። በጋዚያንቴፕ የዜውግማ ሞዛይክ ሙዚየም ውስጥ ከባሏ ከውቅያኖስ ጋር ትገኛለች፤ በእርሱ ራስ ላይ የወጡት የሸርጣን መቆንጠጫዎች ናቸው። በራስ ላይ ያለው ክንፍ ነው ወይስ መቆንጠጫ የሚለው እንግዲህ በባይኖኩላር የሚታይ ጉዳይ ነው፤ በስልክ ፎቶግራፍ ሁለቱም ጆሮ ይመስላሉ። ታላሳ፣ ማለትም ባሕር ራሷ፣ በዮርዳኖስ ማደባ ከተማ በሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን ወለል መሐል በክብ ውስጥ ዓሦች ከብበዋት አለች፤ ወለሉ የ578 ነው፤ ስሟም ተጽፏል። አምፊትሪቴ ከባሏ ከባሕር አምላኩ ከፖሲዶን ጋር በሠረገላ ላይ ጎን ለጎን ትቆማለች፤ ከአልጄሪያዋ ኮንስታንቲን ተነሥቶ ዛሬ በፓሪስ ሉቭር የሚገኘው ትልቁ ወለል ጥሩ ምሳሌ ነው። ባሏ አጠገቧ ከሌለ አምፊትሪቴ ለማለት አይቸኩሉ። በባሕር እንስሳት ጀርባ የተቀመጡ ብዙ ሴቶች ካሉ ደግሞ ኔሬይዶች፣ ማለትም የባሕር ልጃገረዶች ናቸው፤ ለየብቻ ስም መፈለግ ድካም ነው።

በመጨረሻም ዘውዱን ልብ ይበሉ። የከተማ ቅጥርና ግንብ የሚመስል ዘውድ ያደረገች ሴት ቲኬ ናት፤ የአንዲት ከተማ ዕድልና ጠባቂ ማለት ነው። የትኛዋ ከተማ እንደሆነች የሚነግርዎት ጽሑፉ ብቻ ነው። በማደባ በ6ኛው ምዕተ ዓመት በተሠራ አንድ አዳራሽ ወለል ላይ እንደዚህ ያሉ ሦስት ሴቶች በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ስማቸውም ሮማ፣ ግሪጎሪያና ማደባ ነው።

ደረጃ 6፦ አብረዋት ያሉትንና የሚደረገውን ነገር ይመልከቱ

ምልክት ሲጠፋ ታሪኩ ይናገራል። በግሪክ አምፊፖሊስ ባለው ትልቅ መቃብር በ2014 የተገኘው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምዕተ ዓመት ባልተቆረጠ የተፈጥሮ ጠጠር የተሠራው ወለል 4.5 ሜትር በ3 ሜትር ይሆናል። መጀመሪያ የተገለጠው ሠረገላ የሚነዳ ጢማም ሰውና ከፊት የሚሄደው የአማልክት መልእክተኛ ሄርሜስ ሲሆኑ፣ አፈሩ እየተጠረገ ሲሄድ ከኋላ እጇን የዘረጋች ሴት ወጣች። ሠረገላው፣ ሄርሜስና የተነጠቀች ሴት አንድ ላይ ሲሆኑ ታሪኩ የሙታን ዓለም ገዥ ሐዴስ የዴሜጥርን ልጅ ፐርሴፎኔን የጠለፈበት ነው፤ ሌላ ምልክት አላስፈለገም።

በሞሮኮ ቮሉቢሊስ ደግሞ «የቬነስ ቤት» በሚባለው ፍርስራሽ ውስጥ ራቁቷን የምትታጠብ እንስት አምላክ አለች። የቤቱን ስም ሰምቶ የገባ ሰው ቬነስ ብሎ ይወጣል። ነገር ግን የሚያጅቧት ሴቶች አሉ፤ ተደብቆ የሚያያት ሰውም ቀንድ ማብቀል ጀምሯል። ይህ ወደ ዋላ የተለወጠው አዳኙ አክታዮን ነው፤ እርሱ ካለ የምትታጠበው አርጤምስ፣ በላቲን ዲያና ናት። ቬነስ የነበረችበት የዚያው ቤት ወለል ወደ ታንጀር ሙዚየም ተወስዷል።

ከአንድ ወንድ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ሴቶች ካዩ ሙዞችን፣ ማለትም የኪነ ጥበብ እንስት አማልክትን ያስቡ። በቱኒዝ ባርዶ ሙዚየም ገጣሚው ቨርጂል ብራና ይዞ ተቀምጧል፤ ጥቅልል የያዘችው ክሊዮ፣ የመከራ ተውኔት ጭምብል የያዘችው ሜልፖሜኔ ናት።

ደረጃ 7፦ በእርግጥ እንስት አምላክ መሆኗን ይጠይቁ

እስከዚህ ከደረሱ በኋላ ሴቲቱን ከአራት ወገኖች በአንዱ ይመድቡ፦ እንስት አምላክ፣ በሴት መልክ የቀረበ ሐሳብ ወይም ቦታ፣ ሟች ሴት፣ ወይም አውሬ። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው የሌለች አምላክ ይፈጥራል። በቆጵሮስ ኩርዮን፣ የኤውስቶልዮስ ቤት በሚባለው ውስጥ፣ በክብ መቃን ያለች ሴት የሮማ ጫማ የሚባለውን መለኪያ በትር በእጇ ይዛለች። መለኪያ የያዘች አምላክ ቢፈልጉ አያገኙም፤ የተጻፈው ክቲሲስ፣ ማለትም መመሥረት ወይም ፍጥረት የሚል ነው። በዚያው ደሴት በጳፎስ፣ የሕፃኑ አኪሌስ የመጀመሪያ ዕጥበት በሚታይበት ወለል ላይ ደግሞ የተለያዩ ወገኖች በአንድ ሥዕል ይገናኛሉ፤ ቴጢስ እንስት አምላክ፣ ሦስቱ የዕድል ሴቶች ከነስማቸው፣ ሕፃኑን የምታጥበው አናትሮፌ ግን «አስተዳደግ» የሚል ቃል ናት።

ደረጃ 8፦ ውሳኔውን ከነእርግጠኝነቱ መጠን ይጻፉ

ሦስት ቃላት ይበቃሉ። ስሟ ከተጻፈ «የተረጋገጠ»፤ ጽሑፍ ባይኖርም ሁለትና ከዚያ በላይ ምልክቶች ወይም አንድ የታወቀ ታሪክ ካለ «በጣም የሚመስል»፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ «ያልታወቀ»። ከቃሉ ቀጥሎ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጡ፤ ምክንያት የሌለው ስም ሌላ ሰው ሊመረምረው አይችልም።

«ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። የዜውግማ ሙዚየም እጅግ የታወቀው ሥራ፣ ሻሽ ያሰረችና ጉትቻ ያደረገች ሴት ፊት፣ ዛሬም «የጂፕሲዋ ልጅ» በሚል ቅጽል ብቻ ይጠራል፤ ጌ ናት የሚሉ አሉ፤ በአጠገቧ ባለው የወይን ቅጠል ምክንያት የወይን አምላኩ የዲዮኒሶስ አጃቢ ናት የሚሉም አሉ። በገሊላ ሴፎሪስ በ1987 የተገኘችውን ቆንጆ ሴትም አንዳንዶች ቬነስ ቢሏትም ስም አልተጻፈላትም።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

አክሊለ ብርሃን ያላትን ሁሉ ቅድስት ማለት። ይህ ለእኛ አገር ሰው ቀላል ወጥመድ ነው፤ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ያንን ክብ ያየነው በቅዱሳን ሥዕል ላይ ነውና። በሮማ ዘመን ግን በአማልክትና በነገሥታት ራስ ዙሪያ ይደረግ ነበር። በእንግሊዝ ቢግኖር በ1811 ከማሳ ሥር በተገኘው የሮማ ዘመን ቤት ወለል ላይ ያለችው ቬነስ ክቡ በራሷ ዙሪያ አላት። መስቀልም ቢሆን ብቻውን አይወስንም፤ ከላይ የጠቀስኳቸው የማደባ ሦስት የከተማ ሴቶች ጫፉ መስቀል የሆነ በትር ይዘዋል፤ ቅዱሳት ግን አይደሉም። እርምቱ ወደ ደረጃ 4 ተመልሶ ጽሑፉን መፈለግ ነው።

ክንፍ ያላትን ሁሉ መልአክ ማለት። ክንፉ የወፍ ከሆነና አክሊል ከያዘች ኒኬ ናት፤ የቢራቢሮ ከሆነ ፕሲኬ፣ ማለትም ነፍስ ናት፤ ከትከሻ ሳይሆን ከራስ የወጣ ከሆነ ጤቲስ ወይም አስፈሪዋ አውሬ ሜዱሳ ናት። ሁለቱ የሚለዩት በጸጉራቸው ነው፤ በሜዱሳ ጸጉር ውስጥ እባቦች አሉ፤ ብዙ ጊዜም ሁለት እባቦች አገጯ ሥር ይቋጠራሉ።

የቤቱን ስም እንደ ማስረጃ መቀበል። የፍርስራሾች ስም የተሰጠው በቁፋሮው ወቅት፣ ብዙ ጊዜም በችኮላ ነው። በቱኒዚያ ቡላ ሬጂያ ከመሬት በታች በተሠራው «የአምፊትሪቴ ቤት» ውስጥ በባሕር ፍጡራን ተይዛ የምትታየው ሴት ቬነስ ናት፤ የአምፊትሪቴ ባል ፖሲዶን በአጠገቧ የለም፤ ክንፍ ያላቸው ሕፃናት ግን አሉ። ስሙ ተሳስቶ ወጣ፤ በካርታና በመግቢያ ሰሌዳ ላይ ስለገባም እንደዚያው ቀረ። በደብተርዎ ላይ የቤቱን ስም በአንድ መስመር፣ የሴቲቱን ማንነት በሌላ መስመር ይጻፉ።

ጨረቃ ያላትን ሁሉ አርጤምስ ማለት። ደጋንና ውሻ ከሌለ፣ ጨረቃዋም በግንባሯ ላይ ሆና ፀሐይ በወንድ መልክ በአጠገቧ ካለ ሴሌኔ፣ ማለትም ጨረቃ ራሷ ናት። በእስራኤል ባለችው በቤት ሳን የእመቤታችን ማርያም ገዳም በሚባለው የ6ኛው ምዕተ ዓመት ወለል ላይ ፀሐይና ጨረቃ በመሐል፣ ዐሥራ ሁለቱ ወራት በዙሪያቸው ሆነው ይታያሉ፤ ከገዳሙ ስም ተነሥቶ መሐል ያለችውን ሴት ማርያም ናት ያለኝ ሰው ነበር።

ለጥያቄ የሚልኩትን ፎቶግራፍ መከርከም። ፊቷ ጎልቶ እንዲታይ ዙሪያው ሲቆረጥ የሚጠፋው ስሟ ነው፤ ሙሉውን መቃን ከነጠርዙ፣ ከደረጃ 3 ጭረት ጋር አብረው ይላኩ።